ግማሽ ሴሉ የሸፈነው እርጅና፦ ሲሊከን የተቀላቀለበት አኖድ ፍተሻ የጉዳይ ጥናት

ዳራ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሁለት ቡድኖች አሉ። አንደኛው ለሊቲየም አዮን ባትሪ የሚሆን አኖድ (ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙን የሚቀበለውን አሉታዊ ክፍል) ያዘጋጃል፤ አኖዱ በአብዛኛው ግራፋይት ሆኖ ጥቂት ሲሊከን ተቀላቅሎበታል። ሁለተኛው ቡድን አኖዱን ተረክቦ ከካቶድ (ከአዎንታዊው ክፍል) ጋር በማጣመር ሙሉ ሴል ይሠራል። ሁለቱም ልምድ ያላቸውና ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው። እኔ የገባሁበት ውጤታቸው አልገጥም ሲል መረጃውን ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው እንዲያይላቸው በመፈለጋቸው ነው። ተመሳሳይ ክርክር በሌሎች ቤተ ሙከራዎችም ስለገጠመኝ፣ ጉዳዩ ተጽፎ ቢቀመጥ ለብዙዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሲሊከን ለምን እንደሚፈለግ በአጭሩ ልግለጽ። ግራፋይት በአንድ ግራም ቢበዛ 372 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል፤ ሲሊከን ከ3500 በላይ። ስለዚህ ጥቂት ሲሊከን ሲጨመር የአኖዱ አቅም በግልጽ ከፍ ይላል። እዚህ የተፈተሸው ቅልቅል በግራም 500 ገደማ ይሰጥ ነበር። ችግሩ ሲሊከን ማበጡ ነው። ግራፋይት ሊቲየም ሲገባበት ይዘቱ በአንድ አሥረኛ ገደማ ይጨምራል፤ ሲሊከን ግን ጥግ ድረስ ሲሞላ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ሲያብጥና ሲኮማተር ቅንጣቶቹ ይሰነጠቃሉ። በስንጥቁ የተገለጠው አዲስ ገጽ ኤሌክትሮላይቱን (በአኖዱና በካቶዱ መካከል ሊቲየም የሚያሻግረውን ፈሳሽ) ሲነካ ኤሌክትሮላይቱ እዚያው ይፈራርስና ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ አኖዱን ከተጨማሪ መፈራረስ ይጠብቀዋል፤ ሲፈጠር ግን ሊቲየም ይበላል፣ የተበላው ሊቲየምም ወደ ሥራ አይመለስም። ሲሊከኑ በተሰነጠቀ ቁጥር ይኸው ይደገማል።

ፍተሻው የተደረገው ሲ አር 2032 በሚባለው የሳንቲም ቅርጽ ባለው ሴል ነው። የአኖዱ ቡድን የተጠቀመው ግማሽ ሴል ነበር፦ አኖዱ በአንድ በኩል፣ ንጹሕ የሊቲየም ብረት ዝርግ በሌላ በኩል። የሴል ቡድኑ ደግሞ ያንኑ አኖድ ከኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ኦክሳይድ ከተሠራ ካቶድ ጋር አጋጠመው። ይህ ሙሉ ሴል ነው።

ችግሩ

በግማሽ ሴል 100 ጊዜ ተሞልቶ የተራገፈው አኖድ አቅሙ እምብዛም አልቀነሰም፤ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። በሙሉ ሴል የገባው ያው አኖድ ግን 100 ዙር ሳይሞላ ከመጀመሪያው አቅም ከሁለት ሦስተኛ በታች ወረደ። በዘርፉ አንድ ሴል አገልግሎቱን ጨረሰ የሚባለው በተለምዶ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ የሴል ቡድኑ ውጤት አኖዱን ውድቅ የሚያደርግ ነበር።

ክርክሩ እዚህ ላይ ተነሣ። የአኖዱ ቡድን፣ "አኖዳችን ጤነኛ መሆኑን ግማሽ ሴሉ አሳይቷል፤ የሚያረጀው ካቶዳችሁ ነው፣ ወይም ሴሉ ውስጥ እርጥበት ገብቷል" አለ። እርጥበት መጠርጠሩ ያለ ምክንያት አይደለም። የኤሌክትሮላይቱ ጨው፣ ሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት፣ ውኃ ሲያገኝ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም የኤሌክትሮዶቹን (የአኖዱንና የካቶዱን) ገጽ ይጎዳል። የሴል ቡድኑ በበኩሉ ያንኑ ካቶድ ከንጹሕ ግራፋይት አኖድ ጋር አጣምሮ ደህና ውጤት ማግኘቱን አስረዳ። ሁለቱም መረጃ ነበራቸው፤ የሁለቱም መረጃ እውነት ነበር። ያልተጠየቀው ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ሴል ምን ሊያሳይ ይችላል፣ ምንስ ማሳየት አይችልም የሚለው ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የመለኪያውን ታማኝነት አጣራን። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ሳይዘለል መሠራት አለበት። ሦስት ነገሮች ታዩ።

አንደኛው ክብደት ነው። ከ12 ሚሊሜትር ክብ አኖድ ላይ ያለው ቁስ ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ሲሆን ከሥሩ ያለው 10 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ፎይል ብቻውን 10 ሚሊግራም ገደማ ይመዝናል። የቁሱ ክብደት የሚገኘው ከጠቅላላው ላይ የፎይሉን በመቀነስ ነው። ስለዚህ ፎይሉ ከቦታ ቦታ 1 በመቶ ቢለያይ፣ 2 ሚሊግራም ገደማ ቁስ በተቀባበት አኖድ ላይ 5 በመቶ ያህል ስሕተት ያመጣል። ከዚያው ጥቅል ብዙ ባዶ ክቦች ተቆርጠው ሲመዘኑ ልዩነቱ ትንሽ መሆኑ ታየ፤ ሚዛኑም መቶኛ ሚሊግራም የሚያነብ ነበር። ክብደቱ ከጥርጣሬ ወጣ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የግማሽ ሴሎቹ መደርደሪያ ያለው ሙቀቱ በማይቆጣጠር ክፍል ውስጥ ስለነበር የአቅም መስመሩ ቀንና ሌሊትን እየተከተለ ትንንሽ ማዕበል ይሠራል። ሁሉም ሴሎች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ወደተያዘ ሳጥን ተዛወሩ። ማዕበሉ ጠፋ።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ፍሰቱ መለኪያ ነው፤ ትልቁ ጉድለት የተገኘውም እዚህ ነው። የመፈተሻ መሣሪያው ቻናሎች እስከ 5 ሚሊአምፒር የሚለኩ ሲሆኑ የትክክለኛነት ደረጃቸው ከሙሉ መጠናቸው 0.1 በመቶ፣ ማለትም 5 ማይክሮአምፒር ነው። የሚፈተሸው ሴል ግን 1.1 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ የሚይዝና በሦስት ሰዓት የሚሞላ ስለሆነ ፍሰቱ 0.37 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። በዚህ ፍሰት ላይ 5 ማይክሮአምፒር ከ1 በመቶ በላይ ነው። ሊቲየም በየዙሩ ስንት ሺህኛ እንደሚጠፋ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በዚህ ቻናል ሊተማመን አይችልም። ሴሎቹ እስከ 1 ሚሊአምፒር ወደሚለኩ፣ ትክክለኛነታቸው 0.02 በመቶ ወደሆነ ቻናሎች ተዛወሩና ፍተሻው እንደገና ተጀመረ።

ከዚያ የኩሎምብ ብቃትን አየን። በአንድ ዙር ወደ አኖዱ ከገባው ሊቲየም ስንቱ ተመልሶ እንደወጣ የሚያሳየው ቁጥር ነው። በአኖዱ ቡድን ሥዕሎች ላይ ይህ ቁጥር ቀድሞም ነበር፤ ነገር ግን ከ0 እስከ 100 በመቶ በሚሄድ ሚዛን ላይ ስለተነደፈ 99.5ም ሆነ 99.95 ጣሪያው ሥር የተዘረጋ አንድ መስመር ሆነው ይታያሉ። በአዲሶቹ ቻናሎች የተገኘውን መረጃ ከ99 እስከ 100 ባለው ሚዛን ላይ ስናሰፍረው አኖዱ 99.5 አካባቢ ቆሞ ተገኘ፤ ከዚያም አልወጣም።

የሂሳቡ ውጤት ክርክሩን ግማሽ በግማሽ ዘጋው። በየዙሩ 0.5 በመቶ የሚጠፋ ከሆነ ከ100 ዙር በኋላ የሚቀረው 0.995 በራሱ 100 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው፣ 61 በመቶ ገደማ ነው። የሴል ቡድኑ ያየው ውድቀት በአኖዱ ቡድን ሰንጠረዥ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ለማነጻጸር፣ አንድ ሙሉ ሴል ከ500 ዙር በኋላ 80 በመቶ እንዲቀረው ከተፈለገ ብቃቱ 99.955 አካባቢ መሆን ይኖርበታል። በ99.5 እና በ99.95 መካከል ያለው ልዩነት በጥቂት ወራት በሚሞት ባትሪና ዓመታት በሚያገለግል ባትሪ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ታዲያ ግማሽ ሴሉ ይህን ለምን አላሳየም? ውፍረቱ 0.45 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 15.6 ሚሊሜትር የሆነ የሊቲየም ዝርግ 177 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ የሚሆን ሊቲየም ይዟል። ከፊቱ ያለው አኖድ የሚፈልገው 1.1 ብቻ ነው። አኖዱ በየዙሩ የሚያጠፋውን ሊቲየም ከ150 እጥፍ በላይ ያለው ጎተራ ሳያጓድል ይተካለታል። ምንጭ ሥር የተቀመጠ ቀዳዳ እንስራ ሁልጊዜ ሙሉ እንደሚመስለው ማለት ነው። በሙሉ ሴል ውስጥ ግን ያለው ሊቲየም ከካቶዱ የመጣው ብቻ ነው፤ የጠፋውን የሚተካ ሌላ ምንጭ የለም።

ሂሳብ ግን ማስረጃ አይደለም። ሊቲየሙ በእርግጥ በዚህ መንገድ መጥፋቱን ለማየት ያረጁት ሙሉ ሴሎች ተከፈቱ። ሴሎቹ በዝግታ እስከ መጨረሻ ተራገፉ፤ በአርጎን ጋዝ በተሞላ የጓንት ሳጥን ውስጥ፣ አጭር ዙር እንዳይፈጠር ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መሣሪያ ተፈቱ። ኤሌክትሮዶቹ በዳይሜትል ካርቦኔት ለአጭር ጊዜ ታጥበው ደረቁ። ከዚያ እያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ለብቻው ከአዲስ የሊቲየም ዝርግና ከአዲስ ኤሌክትሮላይት ጋር ወደ ግማሽ ሴል ገባ።

ከጉዳዩ ሁሉ የማደንቀው ይህንን ፍተሻ ነው፤ ቀላልና መልሱ የማያሻማ ስለሆነ። ሴል ሲራገፍ ሊቲየሙ ከአኖዱ ወደ ካቶዱ ይመለሳል። ካቶዱ የወጣው ከተራገፈ ሴል ስለሆነ ጤነኛ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ በሊቲየም የተሞላ መሆን ነበረበት፤ ምንም ሳይሞላ በቀጥታ ለማራገፍ ሲሞከርም ከጥቂት በላይ ባልተቀበለ ነበር። ይህ ካቶድ ግን የአቅሙን አንድ ሦስተኛ የሚያህል ሊቲየም ተቀበለ። ያ መጠን ከሙሉ ሴሉ የጎደለው አቅም ነው። ከዚያ በኋላ ካቶዱ በዝግታ ሲሞላና ሲራገፍ ከአዲስ ካቶድ ጋር የሚቀራረብ አቅም ሰጠ። ካቶዱ አላረጀም፤ ሊቲየም አጥቶ ነው። አኖዱም በዝግታ ሲፈተሽ ከአቅሙ ያጣው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነበር። ታጥቦ ሲመዘን ግን ከመጀመሪያው ክብደቱ ጨምሮ ተገኘ፤ የጠፋው ሊቲየም ከፈራረሰው ኤሌክትሮላይት ጋር ሽፋኑ ውስጥ ታስሯል።

ስለዚህ ሁለቱም ቡድኖች በከፊል ትክክል ነበሩ። አኖዱ ሊቲየም የመያዝ ችሎታው አልሞተም፤ የአኖዱ ቡድን እንዳለው። ሴሉን የገደለው ግን አኖዱ ነው፤ የሴል ቡድኑ እንዳለው።

የሠራውና ያልሠራው

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ሕክምናው ብዙ አላስቸገረም። ማጣበቂያው ቀድሞም ለሲሊከን የሚስማማው ካርቦክሲሜትል ሴሉሎስ ስለነበር አልተነካም። በኤሌክትሮላይቱ ላይ ከክብደቱ 10 በመቶ ፍሎሮኤትሊን ካርቦኔት ተጨመረ። ይህ ቅመም ከሌሎቹ ቀድሞ ይፈራርስና በሲሊከን ላይ ይበልጥ የሚጸና ሽፋን ይሠራል። ብቃቱ ወደ 99.8 ከፍ አለ። ቀጥሎ ሙሉ ሴሉ ሲራገፍ የሚቆምበት ቮልቴጅ ከ2.8 ወደ 3.2 ቮልት ከፍ ተደረገ። በዚህ ዓይነት ቅልቅል ውስጥ ሊቲየም በማራገፍ ጊዜ መጀመሪያ ከግራፋይቱ፣ በመጨረሻ ከሲሊከኑ ስለሚወጣ ማራገፉን ቀደም ብሎ ማቆም የሲሊከኑን መኮማተር ይቀንሳል። ጥቂት አቅም ተከፍሎበታል፤ ብቃቱ ግን ወደ 99.9 ተጠጋ። ልውውጡ የሚያዋጣ ነበር።

ያልሠሩት ነገሮች ከሠሩት ያላነሰ አስተምረውናል። ፍተሻውን ለማፋጠን ሙቀቱን ወደ 60 ዲግሪ ማድረስ ተሞከረ። በ30 ዲግሪ የተሻለው ኤሌክትሮላይት በ60 የባሰው ሆነ። ሙቀት እርጅናን ማፋጠን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ሊቀይር ይችላል፤ ፍሎሮኤትሊን ካርቦኔት ራሱ በከፍተኛ ሙቀት ከጨው ጋር ሆኖ ይፈራርሳል፣ ጋዝም ያመነጫል። የ60 ዲግሪው ውጤት ስለ 30 ዲግሪው ምንም ስለማይናገር ተተወ።

የኢምፔዳንስ (ሴሉ ለተለዋዋጭ ፍሰት የሚያሳየው መቋቋም) ልኬትም በመጀመሪያ አልረዳንም። በሙሉ ሴል ላይ ሲለካ በሥዕሉ ላይ የሚታዩት የአኖዱና የካቶዱ ግማሽ ክቦች ተደራርበው የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። የሊቲየም ሽቦን እንደ ሦስተኛ ኤሌክትሮድ ማስገባት ተሞከረ፤ በሳንቲም ሴል ጠባብ ቦታ ውስጥ የሽቦው አቀማመጥ ውጤቱን ስለሚያዛባ ንባቡ ከሴል ሴል ይለያያል። የሠራው ሌላ መንገድ ነው፦ እኩል ያረጁ፣ እኩል የተሞሉ ሁለት ሴሎችን ከፍቶ አኖድን ከአኖድ፣ ካቶድን ከካቶድ ጋር ፊት ለፊት አድርጎ መዝጋት። በዚያ ጊዜ የሚታየው መቋቋም የአንድ ዓይነት ኤሌክትሮድ ብቻ ነው። የጨመረው በአብዛኛው የአኖዱ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ የከበደው መልስ የመጣው በመጨረሻ፣ ሥራው አልቋል ሲባል ነው። የተሻሻለው አሠራር ከሳንቲም ሴል ወደ ቦርሳ ቅርጽ ሴል ሲዛወር አቅሙ ለተወሰነ ጊዜ በዝግታ ሲወርድ ቆይቶ በድንገት ተሰበረ። የሳንቲም ሴሎቹ በተመሳሳይ የዙር ቁጥር ላይ ጤነኞች ነበሩ። ልዩነቱ የኤሌክትሮላይቱ መጠን ነው። 1 ሚሊአምፒር ሰዓት በሚይዝ ሳንቲም ሴል ውስጥ 75 ማይክሮሊትር ኤሌክትሮላይት ሲጨመር ክብደቱ 90 ሚሊግራም ያህል ነው፤ በአምፒር ሰዓት ሲሰላ 90 ግራም ገደማ ይሆናል። የቦርሳው ሴል የያዘው በአምፒር ሰዓት 3 ግራም ብቻ ነው። ፍሎሮኤትሊን ካርቦኔት በየዙሩ እያለቀ የሚሄድ ቅመም ነው፤ በሳንቲም ሴሉ ውስጥ 30 እጥፍ ገደማ ክምችት ነበረው፣ በቦርሳው ሴል ውስጥ ግን አለቀ። ባለቀበት ዙር ላይ ውድቀቱ ጀመረ። በተሰበሩት ሴሎች ኤሌክትሮላይት ውስጥ ቅመሙ ሊገኝ አለመቻሉ በኬሚካል ትንተና ተረጋግጧል።

የሊቲየሙ ዝርግና የኤሌክትሮላይቱ ትርፍ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠሩት። በመፈተሻ ሴል ውስጥ የተትረፈረፈ ነገር ሁሉ፣ በእውነተኛው ባትሪ ውስጥ ማለቁን ይሸፍናል።

ወደ ሌሎች ሥራዎች የሚሻገሩ ትምህርቶች

አዲስ ኤሌክትሮድ ለፍተሻ ሲቀርብ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ በዚህ ሴል ውስጥ ምን ምን ነገር ከሚፈለገው በላይ አለ የሚለው ነው። ሊቲየሙ ስንት እጥፍ ነው? ኤሌክትሮላይቱ በአምፒር ሰዓት ስንት ግራም ነው? አኖዱ ከካቶዱ በስንት ይበልጣል? እነዚህ ቁጥሮች ከአቅም መስመሩ ጎን ካልተጻፉ መስመሩ ስለ ዕድሜ የሚናገረው ነገር የለም። ይህን አጥብቄ የምለው በግማሽ ሴል ጠፍጣፋ መስመር ላይ ተመሥርተው የተገቡ ተስፋዎች ምን ያህል የሰው ልፋት እንደሚያባክኑ ስላየሁ ነው።

ይህ ማለት ግን ግማሽ ሴል አይጠቅምም ማለት አይደለም። የቁሱን አቅም በግራም ለማወቅ፣ የቮልቴጁን ቅርጽ ለማየት፣ በመጀመሪያው ዙር የሚጠፋውን ሊቲየም ለመለካት የተሻለ መንገድ የለም። የዕድሜ ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡ ነው ስሕተቱ። በተቃራኒው አቅጣጫም ይሳሳታል፦ ወፍራም ካቶድ በግማሽ ሴል ሲፈተሽ የሊቲየሙ ብረት ራሱ ኤሌክትሮላይቱን እየበላ ስለሚበላሽ ጤነኛ ካቶድ ያረጀ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ሲሆን ካቶዱን አውጥቶ ከአዲስ ሊቲየም ጋር ማጣመር በአንድ ቀን መልስ ይሰጣል።

የብቃት ቁጥር የሚነደፍበት ሚዛን ጠባብ ይሁን፤ ከሥሩም የመሣሪያው የስሕተት ወሰን ይጻፍ። በ5 ሚሊአምፒር ቻናል ላይ የተለካ 99.9፣ 99.9 አይደለም።

ጊዜና የዙር ቁጥርም አይምታቱ። ኤሌክትሮላይቱ የሚፈራርሰው በዙር ቁጥር ሳይሆን ባለፈው ሰዓት መጠን ነው፤ በአንድ ሰዓት እየተሞላ 100 ዙር የጨረሰ ሴል በአሥር ሰዓት እየተሞላ 100 ዙር ከጨረሰው ሴል ጋር ሲወዳደር የኖረበት ጊዜ አንድ አሥረኛ ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ በፍጥነት የተሞሉ ሴሎች የተሻሉ የመሰሉባቸው ሥዕሎች ነበሩ። አግድሙ መስመር ከዙር ወደ ሰዓት ሲቀየር ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፋ።

ሁለቱ ቡድኖች አሁን የሚሠሩት በአንድ የፍተሻ ቅጽ ነው። አኖዱ ከመላኩ በፊት በሙሉ ሳንቲም ሴል፣ በተመጠነ ኤሌክትሮላይት ይፈተሻል፤ ካረጁት ሴሎች የተወሰኑት ተከፍተው ካቶዱ ሳይሞላ ምን ያህል ሊቲየም እንደሚቀበል ይለካል። ገና መልስ ያላገኘው የማከማቻ እርጅና ነው። ሞልተው በ40 ዲግሪ የተቀመጡ ሴሎች በየጊዜው እየወጡ በዝግታ ይለካሉ፤ ቅመሙ ሴሉ ሳይሠራ ተቀምጦም ማለቅ አለማለቁ የሚታወቀው ከእነርሱ ነው።